ዓሣው ቆሟል፣ የሚንቀሳቀሰው መረቡ ነው፦ የመጀመሪያው የስታቲስቲክስ ኮርስ በቀላል አማርኛ

ለሚድ ፈተና ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው የማስጠናቸው ተማሪዎች ይመጣሉ። አንዱ ከማኔጅመንት፣ ሌላዋ ከጤና፣ ሌላው ከግብርና ወይም ከምህንድስና ነው። የኮርሱ ስም እንደየትምህርት ክፍሉ ይለያያል። ለአንዱ ‹‹ስታቲስቲክስ ለማኔጅመንት›› ነው፣ ለሌላዋ ‹‹ባዮስታቲስቲክስ››፣ ለሦስተኛው ‹‹ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ››። የሚያስጨንቀው ነገር ግን ያው ነው። ሃንድአውቱ ላይ ቀመሮቹ በቢጫ ተቀብተዋል፤ ከጀርባ ያሉት ሠንጠረዦች ፎቶ ኮፒ ላይ ፎቶ ኮፒ ተደርገው ግማሻቸው ጠፍቷል። ‹‹ቲቸር፣ ፒ ቫልዩው 0.03 መጣልኝ። ሪጀክት ነው አይደል?›› ትለኛለች አንዷ። ልክ ናት። ‹‹ምኑን ነው ሪጀክት ያደረግሽው?›› ስላት ግን ዝም ትላለች። ዝምታዋ የስንፍና አይደለም፤ ስሌቱን ከእኔ ፈጥና ነው የምትሠራው። ቀመሩ እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰው ነግሯታል፤ ለምን እንደተፈለገ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላጫወታትም። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በምታስብበት ቋንቋ ነገሩን አገላብጣ አይታው አታውቅም።

እኔ ለዓመታት ሳስጠና የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ኮርሱ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነው። ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኜ አየሁ፤ ሌላ እፍኝ ዘግኜ ቢሆን ኖሮ ያገኘሁት ቁጥር ምን ያህል ይለወጥ ነበር? ይህን የያዘ ተማሪ የቀረውን ሁሉ ከዚህ ጋር እያያያዘ ያነበዋል። ይህን ያልያዘ ግን አርባ ቀመር ሸምድዶ ፈተና ክፍል ይገባል፤ ሲወጣ ሁሉንም እዚያው ትቶት ነው።

ሀዋሳ ለሚማር ሰው ከሃንድአውቱ የሚሻል የመማሪያ ቦታ አለ፤ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ መረቡ ሲራገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊ ፍለጋ እግር እግር ሲከተሉ፣ ከአንድ ነጋዴ ፊት ሰባት ዓሣ ተደርድሯል እንበል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እኔው መርጫቸዋለሁ። ስድስቱ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ናቸው፤ ሲመዘኑ 180፣ 200፣ 210፣ 220፣ 240 እና 250 ግራም። ሰባተኛው አምባዛ ነው፤ 1500 ግራም። ድምሩ 2800 ይመጣል፤ ለሰባት ሲካፈል 400። አማካዩ ይኸው ነው። እስቲ አሁን 400 ግራም የሚመዝነውን ዓሣ ከፊታችሁ ፈልጉት። የለም፤ ወደዚያ የሚጠጋም የለም። ዓሣዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰልፋችሁ መሃል የቆመውን ብታነሱ ግን 220 ግራም ነው፤ ሚዲያን የሚባለው እሱ ነው። አንድ አምባዛ አማካዩን ጎትቶ ወሰደው፤ ሚዲያኑን ንቅንቅ አላደረገውም። አምባዛው 1500 ሳይሆን 5000 ግራም ቢሆን እንኳ ሚዲያኑ እዚያው 220 ላይ ነው። የገቢ፣ የቤት ኪራይና የሀብት ቁጥር በአማካይ ሲነገራችሁ ‹‹ከመካከላቸው አምባዛ አለ ወይ?›› ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ስለ መራራቅ። አንድ አሳ አጥማጅ በአምስት ቀን 19፣ 20፣ 21፣ 20 እና 20 ዓሣ ያዘ። ጎረቤቱ 5፣ 35፣ 10፣ 40 እና 10 ያዘ። የሁለቱም አማካይ 20 ነው። ለሁለተኛው ሰው ቤት ግን ‹‹በቀን ሃያ›› ማለት ምን ይፈይዳል? አምስት ዓሣ በያዘበት ቀን ልጆቹ ምን እንደሚበሉ አማካዩ አይናገርም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው ይህን ልዩነት የሚይዝ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ቀን ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ ታያላችሁ፤ ፕላስና ማይነሱ እንዳይጠፋፋ ርቀቱን በራሱ ታባዛላችሁ፤ ደምራችሁ ለአራት ታካፍላላችሁ፤ በመጨረሻ ስኩዌር ሩት ትወስዳላችሁ። ለመጀመሪያው 0.7 ገደማ፣ ለሁለተኛው 16 ገደማ ይመጣል።

ሁሉም ተማሪ የሚጠይቀኝ ጥያቄ እዚህ ጋ ይነሳል። ቀኖቹ አምስት ሆነው ሳለ ለምን ለአራት እናካፍላለን? ጥያቄው መልስ ይገባዋል፤ ‹‹ቀመሩ ነው›› ተብሎ መታለፍ የለበትም። የሁለተኛውን ሰው ርቀቶች ተመልከቱ፤ ማይነስ 15፣ ፕላስ 15፣ ማይነስ 10፣ ፕላስ 20፣ ማይነስ 10። ድምራቸው ዜሮ ነው፤ ከራስ አማካይ የሚለኩ ርቀቶች ሁልጊዜ ዜሮ ይደመራሉ። ስለዚህ አራቱን ከነገርኳችሁ አምስተኛውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። አምስተኛው የራሱ የሆነ አዲስ ወሬ የለውም፤ ‹‹ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም›› የሚሉት በነጻነት ሊለዋወጡ የሚችሉትን የአራቱን ቁጥር ነው። ሌላም ነገር አለ። እውነተኛውን የረጅም ጊዜ አማካይ አናውቀውም፤ የምንለካው ከእነዚህ አምስት ቀናት ከራሳቸው ከወጣው አማካይ ነው። እሱ ደግሞ ከማንኛውም ሌላ ቁጥር ይልቅ ለእነሱ የቀረበ ነው። ለአምስት ብናካፍል መራራቁ ከእውነቱ አንሶ ይታየናል፤ ለአራት ማካፈሉ ያን ጉድለት ይሞላል።

እስካሁን ያልነው በእጃችን ስላለው ነገር ነው። የኮርሱ ልብ ግን በእጃችን ስለሌለው መናገር ነው። ሐይቁ ውስጥ ያሉትን ዓሣዎች ሁሉ አውጥቶ የመዘነ የለም። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው መብቃቱን ለማወቅ ድስቱን ጠጥታ አትጨርስም፤ አማስላ በጭልፋ ጫፍ ትቀምሳለች። እዚህ ውስጥ ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛው ማማሰሉ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ለትንሽ ድስትም ለሠርግ ድስትም የሚበቃው ያው አንድ ጭልፋ ነው። ናሙና ‹‹ከጠቅላላው ይህን ያህል በመቶ መሆን አለበት›› የሚለው ሐሳብ በየመመረቂያ ጽሑፉ ይገኛል፤ ስህተት ነው። ናሙናው ከጠቅላላው እጅግ ትንሽ እስከሆነ ድረስ፣ ውጤቱን የሚወስነው የጭልፋው መጠንና የተማሰለበት መንገድ ነው። የድስቱ ትልቅነት ለውጥ አያመጣም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ከአገራችን ማስረጃ አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተቆጥሯል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከመላ አገሪቱ በዕጣ 645 የቆጠራ ቦታዎችን መረጠ፤ በእነዚያም 16,650 ቤተሰቦችን፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 15,683 ሴቶችን አነጋገረ። ‹‹አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልዳለች›› የሚለው በየሪፖርቱ ይነበብ የነበረው ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። 15 ሺህ ሴቶች ለአገር ሙሉ መናገር የቻሉት ቁጥራቸው ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ከተማውና ገጠሩ፣ እያንዳንዱም ክልል ድርሻ እንዲያገኝ ተደርጎ፣ ከዚያ በኋላ በዕጣ ስለተለዩ ነው። ድስቱ ተማስሏል ማለት ነው።

ያልተማሰለ ድስት ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። ሊተረሪ ዳይጀስት የሚባል መጽሔት ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ለመተንበይ አሥር ሚሊዮን ገደማ መጠይቅ በፖስታ ላከ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። የሪፐብሊካኑ ዕጩ ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን የሰበሰበው በብዛት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ከሌላው የሚለይ ሰው ነው። በዚያ ላይ መልሶ ለመላክ የተነሳሳው ሰው ካልተነሳሳው ይለያል። በዚያው ምርጫ ጋሎፕ የሚባል የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። የእኛም ሐይቅ እንዲሁ ነው። በመረብ ከወጣ ዓሣ ብቻ የሐይቁን ዓሣ መጠን እናውቃለን ብንል፣ ከመረቡ ዓይን ሾልከው ያመለጡትን ትንንሾች ረስተናል። ሺህ ዓሣ ብንመዝንም ያው ነው፤ ትልቅ ናሙና የመረቡን ዓይን አያጠብም። ላይብረሪ በር ላይ ቆሞ ‹‹በቀን ስንት ሰዓት ታጠናለህ?›› ብሎ የሚጠይቅ ተማሪም በዚሁ ወጥመድ ውስጥ ነው።

አሁን ድስቱ ተማስሏል ብለን እንነሳ። 36 ቆሮሶ በዕጣ መዘንን፤ አማካዩ 240 ግራም፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 60 ግራም ሆነ እንበል። ነገ ሌላ 36 ብንመዝን በትክክል 240 አይመጣም፤ 233 ወይም 251 ሊሆን ይችላል። ከነገ ወዲያ ሌላ። እነዚህ አማካዮች እርስ በርሳቸው የሚራራቁበት መጠን ‹‹ስታንዳርድ ኤረር›› ይባላል። የሚገኘው 60ን ለ36 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ6 በማካፈል ነው፤ 10 ግራም። ተማሪዎች ይህንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ያምታታሉ። 60ው አንድ ዓሣ ከሌላ ዓሣ የሚለይበት ነው፤ 10ሩ አንድ እፍኝ ከሌላ እፍኝ የሚለይበት። ኤረር ስለተባለ ደግሞ ጥፋት የሠራ ሰው የለም፤ መዋዠቁን ነው የሚናገረው። ስኩዌር ሩቱ የሚያስከትለውም ነገር ኪስ ይነካል። 10ሩን ወደ 5 ዝቅ ለማድረግ 72 ዓሣ አይበቃም፤ 144 ያስፈልጋል። ድካሙ አራት እጥፍ፣ ጥቅሙ ሁለት እጥፍ።

የእነዚህ አማካዮች ሥርጭት በሥዕል ሲወጣ መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ብሎ ደወል የሚመስለው ለምንድን ነው? ዓሣዎቹ ራሳቸው የደወል ቅርጽ ባይኖራቸውም በቂ ብዛት ያለው እፍኝ ስንዘግን አማካዩ ወደዚያ ቅርጽ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ እፍኝ ውስጥ ትልቁ ከትንሹ ይቻቻላል። አማካዩ እጅግ ከፍ እንዲል ሁሉም በአንድ ላይ ትልልቅ ሆነው መገኘት አለባቸው፤ ይህ ብርቅ ነው። መሃል ላይ ለማረፍ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው መንገድ አለ። ‹‹ሴንትራል ሊሚት ቴዎረም›› የሚለው ስሙ ነው የሚያስፈራው።

በዚህ ላይ ቆመን፣ ከ240 ወደ ታችም ወደ ላይም በሁለት ስታንዳርድ ኤረር (በትክክል 1.96) ብንሄድ ከ220 እስከ 260 ግራም እናገኛለን። 95 በመቶ ‹‹ኮንፊደንስ ኢንተርቫል›› ይኸው ነው። ፈተና ላይ ‹‹ትርጉሙን ጻፍ›› ሲባል አብዛኛው ተማሪ ‹‹እውነተኛው አማካይ በ220ና በ260 መካከል የመሆን ዕድሉ 95 በመቶ ነው›› ይላል፤ ነጥብ ይቆረጥበታል፤ ለምን እንደተቆረጠበትም ሳይገባው ይቀራል። በሐይቁ እናስበው። የሐይቁ ቆሮሶ ሁሉ እውነተኛ አማካይ አንድ ቦታ የቆመ ዓሣ ነው፤ አልንቀሳቀስም ብሏል። የሚንቀሳቀሰው መረቡ ነው። በየቀኑ ሌላ 36 ዓሣ እንመዝናለን፤ በየቀኑ መረባችን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ ይወድቃል። መቶ ጊዜ ብንጥል 95 ጊዜ ያህል ዓሣው ውስጡ ይገኛል፤ አምስት ጊዜ ያህል እንስተዋለን። 95 በመቶው የአጣጣሉ መታመኛ ነው። ዛሬ የወደቀው መረብ ግን ወይ ይዞታል ወይ ስቶታል፤ የትኛው እንደሆነ አናይም።

ናሙናው አምስትና ስድስት ብቻ ሲሆንስ? ይህን የፈታው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሰው አልነበረም፤ ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው ነው። ገብስና ብቅል ሲፈትኑ በእጁ የሚገቡት ጥቂት ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ እ.ኤ.አ. በ1908 ግኝቱን ‹‹ስቱደንት›› በሚል ስም አወጣው፤ የቲ ሠንጠረዥ ላይ የምታዩት ስም ከዚያ የመጣ ነው። ያለው ይህን ነው፤ ናሙናው ትንሽ ሲሆን መራራቁን ራሱን በደንብ አናውቀውም፣ ስለዚህ መረቡን አስፉት። ወዲህና ወዲያ የምንሄደው በ1.96 ፈንታ በ36 ዓሣ 2.03 ስታንዳርድ ኤረር፣ በአምስት ዓሣ 2.78 ስታንዳርድ ኤረር ነው።

ወደዚያች 0.03 ልጅ እንመለስ። ‹‹ፒ ቫልዩ››ን ለማስረዳት የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 መጽሐፉ የተጠቀመበትን የሻይ ሙከራ ወደ ቡና አዙሬ እነግራቸዋለሁ። አንዲት እናት ‹‹ቡናው በሸክላ ጀበና ይፈላ በብረት ማንቆርቆሪያ፣ ስቀምሰው አውቃለሁ›› አሉ። ስምንት ሲኒ እናቀርብላቸዋለን፤ አራቱ ከጀበና፣ አራቱ ከማንቆርቆሪያ፣ ቅደም ተከተሉ በዕጣ። አራቱን የጀበና ሲኒዎች ለይተው ያውጡ። ከስምንት አራት መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው። ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው። እትዬ ምንም የመለየት ችሎታ ባይኖራቸው፣ ዝም ብለው ቢያነሱ፣ ሁሉንም የማግኘት ዕድላቸው ከ70 አንድ፣ ማለትም 0.014 ነው። ፒ ቫልዩ ይኸው ነው፤ ‹‹ምንም የለም›› ብለን ብንነሳ፣ ያየነውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ የሚያስገርም ውጤት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድል። ፒ ቫልዩው ከተለመደው የ0.05 ድንበር ሲያንስ ሪጀክት (ውድቅ) የምናደርገው ‹‹ችሎታ የለም›› የሚለውን መነሻ ነው። አንዷን ሲኒ ቢስቱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሦስትና ከዚያ በላይ በግምት የማግኘት ዕድል ከ70 ውስጥ 17 ነው፤ 24 በመቶ ገደማ። በዚህ ማንንም አናሳምንም። እትዬ አይችሉም ማለት ግን አይደለም፤ ስምንት ሲኒ ለመፍረድ ትንሽ ነው ማለት ነው።

0.014 ‹‹ችሎታ የሌላቸው የመሆን ዕድል›› አይደለም። ምንም የማይለዩ 70 ሰዎችን ብናስቀምስ በአማካይ አንዱ ሁሉንም ያገኛል፤ ያ ሰው ድንገት ምላሱ ተለውጦ አይደለም። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሃያ ነገር ፈትሾ አንዱ ከ0.05 በታች ስለመጣ ያንን ብቻ የሚጽፍ ተማሪ እያደረገ ያለው ይህን ነው። እባካችሁ ሃያውንም ጻፉ። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ስህተት ለማረም መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል። የ0.05 ድንበርም ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ለአሠራር አመቺ ብሎ የጠቀሰው ነው።

‹‹ሲግኒፊካንት›› የሚለውን ቃል በአማርኛ ‹‹ጉልህ›› እንለዋለን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ትርጉም ነው። ጉልህ ሲባል ትልቅ፣ የሚታይ ነገር ይመስለናል። መቶ ሺህ ዓሣ ከተመዘነ በሁለት ወንዞች መካከል ያለ የሁለት ግራም ልዩነትም ‹‹ሲግኒፊካንት›› ይሆናል፤ ለሚበላው ሰው ግን ሁለት ግራም ምንም አይደለም። በአጋጣሚ ብቻ መጥቷል ለማለት ያስቸግራል ማለት እንጂ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከፒ ቫልዩው አጠገብ ልዩነቱ ራሱ ስንት ግራም እንደሆነ ሁልጊዜ ጻፉ።

ስለ ኮሪሌሽን፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አብረው ስለመለዋወጣቸው፣ አንድ ነገር ብቻ። ቲቶሪያል የሚመጡ ተማሪዎችን ውጤት ከማይመጡት ጋር ብታወዳድሩ የሚመጡት ዝቅ ብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቲቶሪያል ያደነቁራል? የሚመጡት ከመጀመሪያውም የከበዳቸው ናቸው። ይህን ለመለየት ቀመር አይበቃም፤ ማን ለምን እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ወይም ደግሞ ማን እንደሚመጣ በዕጣ መወሰን ነው፤ ጥሩ የሙከራ ጥናት ዕጣ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ለፋይናል ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ውረዱ፤ ሁለት ሆናችሁ፣ ሚዛን የሚያውሳችሁ ነጋዴ ፈልጋችሁ። እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ሃያ ቆሮሶ መዝኑ፤ የምትመዝኑትን ዓይታችሁ አትምረጡ፣ በተራ ቁጥር ወይም በዕጣ ይሁን። አማካያችሁን፣ ስታንዳርድ ኤረራችሁን፣ መረባችሁን በወረቀት ላይ አውጡና አንድ ሻይ አዝዛችሁ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቁጥሮቹ አንድ አይሆኑም። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ እዩና፣ ሁለታችሁ ከአንድ ሐይቅ እንደቀዳችሁ የማያውቅ ሰው ቢያየው ምን ብሎ እንደሚደመድም ተጠያየቁ።